ለሕፃን የሚነገር እውነት

ከሩቅ መንገድ የተመለሰ ሰው ሁለት ዓይነት ጠያቂ ይጠብቀዋል። አንደኛው አዋቂው ነው። እርሱ «ምን አተረፍክ? ምን ጎደለብህ? ማንስ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ሕፃኑ ነው። የእርሱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «አባባ፣ ምን አዩ?» ይላል።

ለአዋቂው መመለስ ብዙም አያስቸግርም። ሒሳቡ ይነገረዋል፤ የጠፋው ይቆጠርለታል፤ አዝኖም ሆነ ተደስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ለሕፃኑ መመለስ ግን የኅሊና ጉዳይ ነው። ተጓዡ ያየውን ሁሉ ሳይመጥን ቢያወርድበት ሕፃኑ ይደነግጣል፤ ያማረውን ብቻ እየመረጠ ቢነግረው ደግሞ ሕፃኑ ዓለምን ባልሆነችው መልክ ይገነዘባታል። እንግዲህ መከራ ያየ ሰው ለሕፃን ሲናገር፣ ሲጽፍ ወይም ሲሥል ምን ያህሉን የመተው መብት አለው? የትኛው መተው ርኅራኄ፣ የትኛውስ ማታለል ይባላል? መምህሩም፣ ደራሲውም፣ ሠዓሊውም፣ ሕዝብን ለማንቃት የተሰማራው ካድሬም በየዕለት ሥራው ይህንን ጥያቄ ማግኘቱ አይቀርም።

ጥያቄው ለዋግ ደጋ እንግዳ አይደለም። ሰቆጣ ለብዙ ዘመን የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። አሞሌው የሚቆረጠው በአፋር ዝቅተኛ ሜዳ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ በሚገኝ የጨው ምድር ላይ ነው። ሰቆጣ በአንጻሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ቁልቁለትና በዚህ ዳገት መካከል ያለው መንገድ ሰውንም አጋሰስንም የሚፈትን ነበር። የጨው ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ ከምድጃው አጠገብ ሲቀመጥ ሕፃኑ የአሞሌውን ጫፍ ይልሳል። ሕፃኑ የሚቀምሰው ጨዉን ነው፤ ሙቀቱን፣ ጥሙን፣ በመንገድ የወደቀውን በቅሎ አይቀምስም። ይህን የሚጨምርለት የአባቱ አንደበት ነው። አባትም ይመርጣል። ግመሉን ይነግረዋል፤ ነጩን ሜዳ ይነግረዋል፤ በመንገድ የቀረውን ባልንጀራውን ነገር ግን ምናልባት ለሌላ ሌሊት ያቆየዋል።

ይህ የምድጃ ዳር ምርጫ ወደ መጽሐፍ ሲገባ፣ በተለይም ሥዕል ሲታከልበት፣ ኃላፊነቱ ይከብዳል። የአባት ቃል በሌላ ሌሊት ሊታረም ይችላል፤ የታተመ ሥዕል ግን እንደታተመ ይኖራል፤ ብዙ ሕፃናትም በአንድ መልክ ያዩታል። የነገሩን ክብደት አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ የሚገኘው ከጨው ሜዳው ሙቀት ፍጹም በተቃረነ ስፍራ፣ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ነው። በዚያ ስፍራ የተንከራተቱ ተጓዦች ያዩትን ወደ ሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ለውጠውታልና።

በአንድ መርከብ የተሳፈሩ ሁለት ልጆች

ሮበርት ፒሪ የአሜሪካ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1886 እስከ 1909 ባሉት ዓመታት ወደ ግሪንላንድና ወደ ሰሜን ዋልታ እየተመላለሰ ተጉዟል። ባለቤቱ ጆሴፊን ፒሪ በአንዳንዶቹ ጉዞዎች አብራው ነበረች፤ ሴት ልጃቸውን ማሪንም በ1893 የወለደችው እዚያው ግሪንላንድ ውስጥ ነው። የአገሬው ሕዝብ፣ ኢኑይቶቹ፣ እንደዚያ ያለ ነጭ ሕፃን አይተው ስለማያውቁ፣ ሕፃኗ የሞቀ ሥጋ ትሁን ወይም በረዶ እየመጡ በእጃቸው ይዳስሱ እንደነበር ይተረካል። «የበረዶ ልጅ» የሚለውም ስም ከዚህ መጣ። ጆሴፊን ፒሪ በ1901 ይህንኑ ስም ርእስ አድርጋ በፎቶግራፍ የተደገፈ የሕፃናት መጽሐፍ አሳተመች። ፒሪም ራሱ በ1904 ስለ በረዶው አገር ሰዎችና እንስሳት ለሕፃናት የሚሆን ሌላ የሥዕል መጽሐፍ አወጣ።

እነዚህ መጻሕፍት የሚናቁ አልነበሩም። በከተማ ያደገ ሕፃን ለወራት የማይነጋውን ሌሊት፣ በውሾች የሚጎተተውን ተንሸራታች፣ ከቆዳ የሚሰፋውን ልብስ ያወቀው በእነርሱ ነው። ማሪ የለበሰችውን የመጀመሪያ የቆዳ ልብስ የሰፋችላት አንዲት ኢኑይት ሴት ነበረች፤ የሕፃኗም ሁለተኛ ስም፣ አኒጊቶ፣ ከዚያች ሴት የተወሰደ ነው። በዚህ ስም ውስጥ የሁለት ሕዝቦች መልካም ግንኙነት ይታያል።

ይሁን እንጂ የ1897ቱ ጉዞ ሌላም ታሪክ አለው። በዚያ ዓመት ፒሪ «ሆፕ»፣ ማለትም «ተስፋ»፣ በተባለች መርከብ ከ30 ቶን በላይ የሚመዝን ከሰማይ የወደቀ የብረት አለት ጭኖ ወደ ኒውዮርክ ወሰደ። የዚያ አገር ሰዎች ለብዙ ትውልድ ቢላዋቸውንና የአደን መሣሪያቸውን ሲሠሩ የኖሩት ከእነዚህ ከሰማይ የወደቁ ብረቶች እየቀረፉ ነበር። የአራት ዓመቷ ማሪ በዚያ ጉዞ ላይ ነበረች፤ አለቱንም በወይን ጠጅ ጠርሙስ መርቃ በራሷ ስም የሰየመችው እርሷ ናት። በዚያችው መርከብ ስድስት ኢኑይቶች ተሳፍረው ነበር። ከእነርሱም መካከል ቂሱክ የተባለ አባትና ሚኒክ የተባለ ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጁ ይገኙበታል።

ስድስቱ ሰዎች ለጥናት ተብለው በኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንዲቀመጡ ተደረገ። የማያውቁት በሽታ ያዛቸውና በወራት ውስጥ አራቱ ሞቱ። ቂሱክ የሞተው በ1898 ነው። ልጁ አባቱ በአገሩ ሥርዓት እንዲቀበርለት ስለፈለገ በሙዚየሙ ግቢ አንድ ግንድ በቆዳ ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተከምሮበት በፊቱ ተቀበረ። ሚኒክ የአባቱን መቃብር ያየ መሰለው። አጽሙ ግን ወደ ሙዚየሙ ክምችት ገብቶ ነበር። ልጁ አድጎ ይህንን በደረሰበት ጊዜ የአባቱን አጽም ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። በ1918 በኅዳር በሽታ ወረርሽኝ ሞተ። የአራቱ ሰዎች አጽም ወደ ግሪንላንድ ተመልሶ የተቀበረው በ1993 ነው።

ሁለቱ ልጆች በአንድ መርከብ ሄዱ። ለአንደኛዋ የሥዕል መጽሐፍ ተዘጋጀላት፤ ለሁለተኛው የሐሰት ቀብር። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ቀብሩን ያዘጋጁት ሰዎች በኋላ በተጠየቁ ጊዜ ልጁን ለማረጋጋት የተደረገ ነው ማለታቸው ነው። «ለልጁ ስንል ነው» የሚለው ቃል እንግዲህ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ርኅራኄም ማታለልም ይህንኑ ልብስ ይለብሳሉና።

መመጠንና መለወጥ

ታዲያ ሁለቱን በምን መለየት ይቻላል? መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ከጓዳ ይገኛል። እናት ለጨቅላ ልጇ ዱቄቱን አጥሚት ታደርግለታለች፤ በርበሬውን ትተወዋለች፤ የሚያቃጥለውን ታበርድለታለች። በዱቄት ፈንታ ግን አመድ አትበጠብጥለትም። የመጀመሪያው መመጠን ነው፤ ሁለተኛው መለወጥ ነው። ለሕፃን የሚነገር እውነትም እንዲሁ ነው። ሊመጠን ይገባዋል፤ ሊለወጥ ግን አይገባውም።

አንድ ምሳሌ ይህንን ግልጽ ያደርገዋል። ፒሪ በ1899 ክረምት በብርድ ምክንያት 8 የእግር ጣቶቹን አጥቷል። የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጅ የቆረጣውን ነገር በዝርዝር ሊሥል አይገደድም። «ብርዱ የእግሩን ጣቶች ወሰደበት፤ ከዚያ ወዲህ አረማመዱ ተለወጠ» ብሎ አንድ የሚያነክስ ሰው ቢሥል ሕፃኑ የሚገባውን ያህል ይገባዋል። ይህ መመጠን ነው። ተጓዡን ከጉዞው በፊት እንደነበረው ሙሉና ፈገግተኛ አድርጎ፣ ብርዱንም እንደ ጨዋታ ሜዳ አስመስሎ ቢሥለው ግን ለውጦታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕፃኑ ዕድሜ አይደለም። የመጀመሪያውን ያነበበ ሕፃን አድጎ ሙሉውን ታሪክ ቢያገኝ በድሮው ላይ ይጨምርበታል። ሁለተኛውን ያነበበ ግን የድሮውን ማፍረስ ግድ ይሆንበታል። የተመጠነ እውነት ከሕፃኑ ጋር ያድጋል፤ የተለወጠ እውነት ግን ልጁ ሲያድግ በላዩ ላይ ይፈርስበታል። ሚኒክ ላይ የፈረሰው ይህ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ዝምታው ማንን ይጠቅማል ብሎ መጠየቅ ነው። አባት በመንገድ የቀረውን ባልንጀራውን ነገር ለሌላ ሌሊት ቢያቆየው ተጠቃሚው የሚተኛው ሕፃን ነው። ግንድ ቀብሮ «አባትህ ይኸውና» ያለ ሰው ግን የሚጠብቀው የራሱን ስምና የራሱን ክምችት ነው። ዝምታው ጥፋተኛውን ከተጠያቂነት የሚያድን ከሆነ፣ በሕፃን ስም ቢነገርም የሕፃን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አያቶች ለሕፃናት የሚነግሩት ተረት ሁሉ ያልሆነ ነገር አይደለምን? ጅብ ይናገራል፤ ጦጣ ትማከራለች፤ ታዲያ ይህስ ማታለል ነውን? አይደለም። ምክንያቱም ተራኪው «ተረት ተረት» ብሎ ይጀምራል፤ ሕፃናቱም በታወቀው ምላሽ ይቀበሉታል። በዚህ ምልልስ ውል ይታሰራል። ሕፃኑ ወደ ተረት ቤት እየገባ መሆኑን ያውቃል፤ ሲያበቃም በታወቀ ቃል ይወጣል። «ሄጄ አየሁ» ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ ግን የገባው ውል ሌላ ነው። ምስክር ነኝ ብሏልና በምስክርነት ይጠየቃል።

በሥዕሉ ውስጥ የሌለው ሰው

መለወጥ ሁልጊዜ በሐሰት ቃል ብቻ አይመጣም፤ በሥዕሉ ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ በመወሰንም ይመጣል። በኤፕሪል 1909 ፒሪ ሰሜን ዋልታ ደረስኩ ባለበት ቀን ብቻውን አልነበረም። ጥቁር አሜሪካዊው ማቲው ሄንሰን፣ እንዲሁም ኡታ፣ ኤጊንግዋ፣ ሲግሉና ኡኬያ የተባሉ አራት ኢኑይቶች አብረውት ነበሩ። ሄንሰን የኢኑይቶቹን ቋንቋ የሚናገር፣ ተንሸራታቹን የሚሠራና ውሾቹን የሚነዳ ሰው ነበር፤ የራሱንም ታሪክ በ1912 በመጽሐፍ አሳትሟል። ሆኖም ክብሩ ለረጅም ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሰጥ ኖረ። የሄንሰን አጽም በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በክብር ያረፈው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1988 ነው። ቡድኑ በትክክል ዋልታው ላይ ደርሶ እንደሆነም ሊቃውንት እስከዛሬ ይከራከራሉ። በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ባንዲራ፣ አንድ ነጭ ሜዳ የሣለ መጽሐፍ አንድም የሐሰት ቃል ሳይጽፍ እውነቱን ለውጦታል።

በጥንቱ የኢትዮጵያ ሥዕል ጻድቃን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ፊታቸውን አቅንተው በሁለት ዓይን ሲታዩ፣ ክፉዎች በአንድ ወገን ፊትና በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ማንበብ ያልተማረ ሕፃን እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን በማን ላይ እንደበደለ ይለያል። የጥንቱ ሠዓሊ ክፉውን ከሥዕሉ አላስወጣውም፤ ሕፃን ያያል ብሎም አልደበቀውም። በአንድ ዓይን ሥሎ ቦታውን አሳየው እንጂ። መከራን ለሕፃን በሥዕል የመመጠን ጥበብ በዚህ አገር አዲስ አይደለም ማለት ነው። በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው ቢያንስ በሥዕሉ ውስጥ አለ። ፈጽሞ ያልተሣለው ግን አንድ ዓይን እንኳ አላገኘም።

የበረዶ ጉዞ ታሪክም ቢሆን ለዚህ ምድር ባዕድ አይደለም። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ላይ በድንጋይ የተቀረጸ አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጧል። በጽሑፉ ውስጥ ስሙ ያልተገኘ የጥንት ንጉሥ ድሎቹን ይቆጥራል። ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ብዙ ሊቃውንት ከአገው ጋር የሚያያይዙት ስም ይገኛል፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች ሰዎችም ይገኛሉ። ወንዙ ከዋግ በስተምዕራብ የሚወርደው ተከዜ መሆኑ ይታመናል። በእነዚያ ተራሮች በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰምጥ እንደሆነ ንጉሡ ይናገራል። በረዶው ተነግሯል፤ ድሉ ተነግሯል። በበረዶው የሰመጠው ወታደርና የተወረረው ባላገር ግን በዚያ ድንጋይ ላይ አንደበት የላቸውም። ከዋልታው ታሪክ ጋር ያለው መመሳሰል ልብ ሊባል ይገባል።

ኮስማስ ራሱ በኋላ መነኩሴ ሆኖ ያየውንና የሰማውን በሥዕል በተደገፈ መጽሐፍ ጽፎታል። ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ የተሟገተ ሰው ነበርና ብዙ ተሳስቷል። ነገር ግን ስለ እንስሳት በጻፈው ክፍል የሚያስመሰግን ነገር አለ። አውራሪስን በሕይወቱ ከሩቅ ማየቱን ይገልጻል። ባለ አንድ ቀንዱን እንስሳ ግን በዓይኑ እንዳላየው፣ የሣለውም በኢትዮጵያው ንጉሥ ቤተ መንግሥት ከቆሙ አራት የነሐስ ሐውልቶች እንደሆነ አልደበቀም። ኮስማስ ስቷል፤ አላታለለም ግን። ያየውን «አየሁ»፣ ያላየውን «አላየሁም» ብሎ ለይቷልና። ለሕፃናት የሚሥል ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ አያስፈልገውም።

የታየው ሕፃንና የሚያነበው ሕፃን

የጥያቄው ሌላ ወገን ደግሞ ሳይመጥኑ ማሳየት ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ያነሣው፣ ማይክል ቡርክም የዘገበው የኮረም ፊልም በቢቢሲ ታየ። ኮረም ከዋግ በስተምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በወሎና በትግራይ ደጋዎች ረኃብ ያፈናቀለው ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦባት ነበር። ፊልሙ የዓለምን ኅሊና ቀሰቀሰ፤ እርዳታም አስመጣ፤ ይህ ውለታ አይካድም። ይሁንና በዚያ ፊልም የታየው ሕፃን አልተጠየቀም፤ ስሙም ለተመልካቹ አልተነገረም። ዓለም የዚያን ሕፃን ዓይን አየ፤ ያ ሕፃን ራሱ ምን እንዳየ ግን አልሰማም። በበረዶው አገር መጻሕፍት ያልተሣለ ልጅ ነበር፤ በኮረም ደግሞ ከመታየት በቀር ሌላ ያልተፈቀደለት ልጅ ነበር።

ዛሬ በዋግ ኽምራ የዚያን ዘመን መከራ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች አያቶች ሆነዋል። ጦርነትም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ያንን ምድር ዳግመኛ ነክቶታል። «ምን አዩ?» የሚለው የሕፃናቱ ጥያቄ አሁንም መልስ ይጠብቃል። «በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ሰዎችም እየተዋጉ ነበር፤ ብዙዎች እህል ፍለጋ ወጥተው በመንገድ ቀሩ፤ የቀሩትም ሁሉ ስም ነበራቸው» ብሎ የሚነግር አያት እውነቱን መጥኗል። «ዝናቡ ስለቀረ ነው» ብሎ የሚያበቃ ግን ለውጦታል። ረኃቡን ያከፋው ድርቅ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትም ነበረበትና። ጥፋቱን ሁሉ ለሰማይ የሚሰጥ ታሪክ ከሕፃኑ ይልቅ አዋቂውን ያሳርፋል። እንዲህ ያለው ዝምታ ደግሞ ቀደም ብሎ በተገለጸው መለኪያ ይወድቃል።

ይህን ሥራ ለመሥራት መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ የአገር ልጅ የሆነ መጽሐፍ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት ወደ አሜሪካ ሄዶ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠራ በአማርኛ የተዘጋጀ የሕፃናት መጽሐፍ ማጣቱ ቆረቆረው። በመሆኑም የማሞ ቂሎን ተረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ በባለ ቀለም ሥዕል አሳተመ፤ በተከታዩም ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። የእርሱ መንገድ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ። የስደት ተጓዥ ከተመለሰ በኋላ ለሕፃናት የግድ የራሱን ጀብዱ መተረክ የለበትም። ሕፃናቱ ራሳቸው አንባቢ እንዲሆኑ በር መክፈትም ያው ታላቅ መልስ ነው።

በዋግ ኽምራ የዚህ ጉዳይ አንዱ ክፍል ቋንቋ ነው። ኽምጣኛ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ መምህራን ለሕፃናት የሚስማማ ቃል መምረጥ ሥራቸው ሆኗል። የዋልታውን ጉዞ ለዋግ ሕፃን የሚተርክ ሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል ይፈተናል። የደጋ ሕፃን በረዶ ሲባል የሚያስበው ከሰማይ እየዘነበ ሰብል የሚያጠፋውን ነው። እንደ ጥጥ ዝም ብሎ የሚወርደውንና እግር የሚውጠውን ግን አያውቅም። «ምድሩ ሁሉ በረዶ ነው» ቢባል አገሩ ሁሉ በቁጣ የተመታ ይመስለዋል። ስለዚህ አስተዋይ መምህር የሚጀምረው ሕፃኑ ከሚያውቀው ማለዳ፣ ሣሩ ላይ ከሚነጣው አመዳይና ጣት ከሚያደነዝዘው ውርጭ ነው። ከዚያ በኋላ «ይህ ውርጭ ለወራት ሳይለቅ፣ ፀሐይም ሳትወጣ ቢቆይ» ይለዋል። ይህም መመጠን ነው። ሕፃኑ ባለበት ቆሞ ሩቁን ያያል።

እንግዲህ ነገሩ ተመልሶ ወደ ምድጃው ይደርሳል። ሕፃኑ አሞሌውን ይልሳል፤ አባቱም መንገዱን ይነግረዋል። ዛሬ ግመሉን፣ ነገ ነጩን ሜዳ፣ ልጁ ሲጠነክር ደግሞ በመንገድ የቀረውን ባልንጀራ። በየሌሊቱ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የኋለኛው ሌሊት የፊተኛውን አያፈርስም። ልጁ አድጎ ራሱ ወደ ጨው ሜዳው በወረደ ጊዜ የሚያገኘው አባቱ የነገረውን ያንኑ መንገድ ነው። ርዝመቱንና ሙቀቱን ያን ጊዜ ይጨምርበታል፤ አባቱንም አይታዘበውም።